በሶ የጠጣች መኪና

የዚያን ዕለት ጧት መኪናዬን በሶ አጠጣኋት። ቀልዴን አይደለም። ባለቤቴ ለመንገድ ስንቅ ብላ ካስቀመጠችው የገብስ በሶ ሦስት እፍኝ ዘግኜ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርኩ፤ ውሃ ሞላሁበት፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ ጨብጫለሁ። ይህ ሁሉ ዕድሜና ይህ ሁሉ መሪ ተደምረው ያን ጧት ያቀበሉኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጎበዝ!» የሚል።

ምክንያት ነበረኝ፤ ጅል ሰው ምክንያት አያጣም። ከሦስት ቀን በፊት ቆቦ ወርጄ ካሳ ለሚባለው መካኒክ አሳይቻት ነበር። ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ አልቆየም።

«አያ ይማም፣ ራዲያተሯ ያፈሳል፤ ውስጡም በዝገት ተደፍኗል። ይውረድ፣ ይታጠብ፣ ይበየድ። እንዲሁ ከነዷት የሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል። እሱ ሲቃጠል ውሃና ዘይት ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ወደ እኔ አይምጡ፣ ወደ ቀባሪ ይሂዱ።»

«ስንት?» አልኩት።

ነገረኝ። የአንድ ደህና ሙክት ዋጋ ነው።

«ለቆርቆሮ ሙክት?»

«ዛሬ ሙክት ነው። ዝም ካሏት በሬ ትሆናለች።»

«አንተ ጡት ስትጠባ እኔ አሰብ ድረስ በመኪና ወርጄ ተመልሻለሁ!» ብዬው መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሯን አላተምኩ። በሯ ግን አልዘጋ አለችና ሦስት ጊዜ ማላተም ነበረብኝ። ካሳ ቆሞ ቆጠረልኝ። በሶ ሲረጥብ ቀዳዳ ይደፍናል የሚለውን የድሮ ሾፌሮች ብልሃት ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኜ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ጡረታ ስወጣ ያችው ስነዳት የኖርኳት የፊልድ መኪና ለጨረታ ቀረበች። ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ገዛኋት። ሰዎች «የሚያውቃትን ገዛ» አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያለ እሷ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየኝ ስለማውቅ ነው የገዛኋት። ከእሷ ስወርድ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነኝ። ከእሷ ላይ ሆኜ ግን ጎብዬ ገበያ መሐል ጥሩምባ ስነፋ ፍየል ሳይቀር ያከብረኛል። እሷም እንደ እኔ ነበረች። ዘይት ትጠጣለች፤ ጧት ጧት ነጭ ጭስ ታስላለች፤ ፍሬኗን ሁለት ጊዜ ሳይረግጧት አትቆምም፤ የኋላ በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው። አንዱን ሳስጠግን ሌላው ይወልቃል። ለመለዋወጫ ደሴ ስመላለስ ያወጣሁት ቢሰበሰብ ሌላ መኪና ይወጣው ነበር ይሉኛል። አልሰበሰብኩትም።

የዚያ ቀን ጉዞ ግን የመዝናኛ አልነበረም። በቤተሰባችን ላይ ደም ነበረ።

የታላቅ ወንድሜ የእንድሪስ ልጅ፣ ከብት ማሽላ ገባ አልገባ በሚል ጠብ፣ ከዋጃ አካባቢ የነበረ ሰይድ የሚባል ወጣት ገደለ። ገዳዩ ታሰረ። መንግሥት ፈረደ፤ ደሙ ግን አልደረቀም። በአገራችን እስር ቤት ያለውን የሚያገኘው የለም፤ ደም የሚፈለገው ደጅ ካለው ወንድሙ ነው። ወንድሙ ኑሩ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ የሁለት ልጆች አባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢው አልወጣም። ማሽላው ሲደርስ የሚያጭድለት ሰው ይለምን ነበር። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ልከን ሦስቴም መለሱብን። በአራተኛው የሟች አባት እንዲህ ብሎ ላከ፤ «ኀሙስ ከዋጃ ወዲህ ካለው ዋርካ ሥር እንገናኝ። ኑሩም ይምጣ። ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን ንቃችሁናል፤ ከእንግዲህ ሽማግሌ አንቀበልም።»

እንድሪስ ሰው ለምኖ ከቆቦ መኪና ሊከራይ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። «እኔ እያለሁ በኪራይ? በገዛ መኪናችን፣ በክብር እንሄዳለን!» አልኩ። አያችሁ፣ የወንድሜ ልጅ ነፍስ እንኳ ለእኔ ጥሩምባ መንፊያ ሆና ነበር።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ከጎብዬ ተነሣን። ከፊት ከጎኔ ሼህ አሊ ተቀመጡ፤ ነገሩን የያዙት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ከኋላ እንድሪስና ኑሩ። ኑሩ በዚያ ቆላ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ ከመንገድ ዳር እንዳይታይ።

ቆቦን እስክናልፍ ደህና ነበርን። እንዲያውም የሚያፈሰው ቆሞ ነበር። «በሶ እኮ መድኃኒት ነው» ብዬ በሆዴ ካሳን ሰደብኩት። በሶ ቀዳዳ ሲደፍን ሌላውንም መንገድ ሁሉ እንደሚደፍን ማን ያስብ? ወዲያው የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ሽቅብ መውጣት ጀመረች። ሼህ አሊ እንዳያዩብኝ ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ መለኪያው ላይ ጣል አደረግሁበት። ይኸው ሁለተኛው ጥበቤ።

ከጥቂት በኋላ ሼህ አሊ አፍንጫቸውን አነሡ።

«ይማም፣ የተቆላ ገብስ ይሸተኛል።»

«ከመንደሩ ነው፣ ሼኬ።»

«መንደር የት አለ?»

ወዲያው ኮፈኗ ሥር ፉጨት ተነሣ፤ እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው፤ ሞተሯ ሁለቴ ተንገጫግጫ ጸጥ አለች። ዳር ይዤ ቆምኩ። እንፋሎቱ ገለል ሲል ከጎናችን የተዘረጋ የማሽላ ማሳ፣ ከማሳው ራስ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ፊት የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ አየሁ።

እንድሪስ ከኋላ «ያ አላህ» አለ። «የት እንዳቆምከን ታውቃለህ? የሟች ቤት እኮ ነው።»

ለመሄድ ሩቅ ነው፤ ያውም ኑሩን በእግር በዚያ ማሳ መሐል ማሳለፍ አንገቱን መስጠት ነው። ስልክ ሞከርን፤ ኔትወርክ የለም። አንድ ሚኒባስ እጃችንን አይቶ ቀስ አለ። ሾፌሩ ሼህ አሊን፣ ቀጥሎም ጋቢውን አየ። «ሼኬ ይቅር ይበሉኝ፣ ደም አልጭንም» ብሎ ነዳው። ሰዓቱ ለአምስት ተኩል ጥቂት ይቀረው ነበር።

ውሃ ነው የሚያስፈልገን። ውሃው ደግሞ ከዚያ ጉድጓድ ነው።

የማያውቅ ካለ፣ ደም ያለባቸው ሰዎች እስኪታረቁ ድረስ አንዱ የሌላውን እህል አይቀምስም፤ ውሃውን አይጠጣም። ሰርግ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዱ ሳይበላ ይወጣል።

ባርኔጣዬን ይዤ ወደ ፓምፑ ሄድኩ። አንዲት ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ቢጫ ጀሪካን ትሞላለች። የሟች እናት ሩቅያ እንደሆነች ገባኝ። ፊቷን አይቼ ሳይሆን ጥቁሩን አይቼ።

«ደህና ዋልሽ እናቴ። መንገደኛ ነኝ፤ መኪናዬ ውሃ ጠማት።»

ቀና አለች። እኔን አላየችም፤ በትከሻዬ አልፋ መኪናዋን አየች። «ሼህ አሊ ዛሬ ከማን ጋር እንደሚመጡ አገር ያውቃል» አለች። «መንገደኛ! ሽበትህን አታፍረውም?»

«አፍረዋለሁ፣ እትዬ ሩቅያ። ግን እኛ አንጠጣም። የምትጠጣው መኪናዋ ናት። መኪናዋ ሰው አልገደለችም።»

«ማንን ጭናለች?»

ዞር ብዬ መኪናዋን አየሁ።

«ማንን ነው የጫነችው? ተናገር እንጂ፤ ስትዋሽ ምላስህ አልተሳሰረም።»

«ኑሩን» አልኩ።

ጀሪካኑን አንሥታ ከጀርባዋ አስቀመጠች፤ ልቀማት እንደመጣሁ ሁሉ። ያን ጊዜ ከቤቱ ጓሮ አንድ ሰው ክላሽ ትከሻው ላይ አንግቶ ብቅ አለ። ሁሴን ነው፤ የሟች አጎት። ዕርቁን «አልሰማም፣ አልገኝም» ብሎ ቤት የቀረ ሰው ነው። እኔን አየ፤ መኪናዋን አየ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። እስከ ዛሬ ያን ያህል ያስፈራኝ ፈገግታ አላየሁም።

«ቆመች እንዴ?»

«ትነሣለች፣ ኢንሻአላህ።»

«ቀስ ትበል።» በፓምፑና በመንገዱ መሐል ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «አልነካችሁም። ሼህ አሊ ባሉበት ደም አላፈስም። እኔ የምፈልገው ፀሐይዋን ብቻ ነው። ትንሽ ትለፍልኝ። ከዚያ ‹ንቀው ቀሩ› ይባላል፤ ሽማግሌውም ይበተናል። ከነገ ወዲያ እናንተም በቤታችሁ፣ እኛም በመንገዳችን።»

ሼህ አሊ በምርኩዛቸው መጡ። «ሁሴን፣ አላህን ፍራ!»

«እርስዎን አከብራለሁ ሼኬ። ውሃ ግን አይወጣም። መኪናችሁ በዱአ ትነሣ።»

ወደ መኪናዋ ተመለስኩ። ሥራ ፈትቼ መቆሙ አቃተኝና ከሥር ተጋድሜ የራዲያተሩን ማፍሰሻ ከፈትኩ፤ ቢያንስ የተደፈነው ይውጣ ብዬ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ እንደ ገንፎ የወፈረ ነገር ብልቅ ብልቅ እያለ፣ እየጨሰ ወጣ። ቦዩን ይዞ ቁልቁል ወደ ማሳው ፈሰሰ።

እንድሪስ ወርዶ አጠገቤ ቆሟል። «ምንድን ነው ይሄ?»

«በሶ።»

«ምን?»

«ካሳ ሙክት ሲለኝ ጊዜ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

እንድሪስ በሕይወቱ ሰድቦኝ አያውቅም። ያን ቀንም አልሰደበኝም። «የልጄን ነፍስ በበሶ ደፈንካት?» ብቻ አለኝ። በክላሹ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሩቅያ ግር ብሏት ኖሮ ቀርባ ቦዩ ራስ ላይ ቆማለች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው፤ አሸተተችው።

«እህል ነው» አለች። «እህል ለብረት! ስንቱ ጦሙን እያደረ ሳለ እህል ለብረት የምትሰጥ አንተ ሽማግሌ፣ አእምሮ ሲታደል የት ነበርክ?»

«ጥሩምባ እየነፋሁ» አልኩ። ቀልዴን አልነበረም።

አልሳቀችም። በሶው ማሳዋ ውስጥ ገብቶ ከማሽላው ሥር ሲሰርግ ቆማ አየች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሁሴን እንዲሰማ «መሬቴ የደመኛን እህል በላች» አለች።

«ምን ትያለሽ አንቺ?» አለ ሁሴን።

«አይታይህም? የሰይድ አባት ያረሳት መሬት የእነሱን እህል በላች። መሬት ከበላች እኔ ምን ቀርቶኝ ነው የምጠብቀው?» ጀሪካኗን አነሣች።

ሁሴን ብድግ አለ። «ሩቅያ! የልጅሽን ደም በገንፎ ትሸጪያለሽ?»

ያን ጊዜ ነው የዞረችበት። እስካሁን ለእኛ የነበራት ጥላቻ ለእሱ ከነበራት ጋር ሲነጻጸር ሰላምታ ነበር።

«አንተ ወንድ ልጅ የለህም፣ ሁሴን። ሴት ልጆችህን ድረህ ጨርሰሃል። ሁለቱ የቀሩት የእኔ ናቸው። ትልቁን ክላሽ ያለማመድከው አንተ ነህ። ዛሬ ኑሩን ቢገድል ነገ እሱን ይገድሉታል፤ ከነገ ወዲያ ትንሹ ይነሣል። አንተ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ፀሐይ ትቆጥራለህ። ተነሥ ከመንገዴ!»

አልተነሣም፤ ቆሞ ነበረ። በአጠገቡ ስታልፍ ግን ጀሪካኑ ጉልበቱን ገጨው፤ እሱ ነው ወደ ኋላ ያለው።

ጀሪካኑን ፊቴ ዘጭ አደረገችው። «አጠጣት። ለአንተ አይደለም። ለእነዚያ ዘመዶችህም አይደለም።»

አሁን የሾፌርነቴን ነገር ልንገራችሁ። እንደዚያ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ካፈሰሱበት ብረቱ ይሰነጠቃል። ይህን ካሳም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ጥላዬን አየሁ፤ እግሬ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራትም። ያለኝን ሁሉ ያወጣሁባትን፣ ፍየል የሚያከብረኝን መኪናዬን አየኋት። ከዚያ ማፍሰሻውን ዘግቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ውሃውን ደፋሁት።

«ጧ!» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። እንደ አጥንት።

ቁልፉን ጠመዘዝኩ። እያነከሰች፣ ነጭ ጭስ እየተፋች ተነሣች። ልነዳ ስል የፊት በር ተከፈተ። ሩቅያ ሼህ አሊን «እርስዎ ከኋላ ይሁኑ» ብላ ከጎኔ ገባች፤ ዳግም የሞላችውን ጀሪካን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«እትዬ፣ ወዴት?»

«ንዳ! ሁሴን ከኋላ ቢተኩስ እኔን ይምታ፤ እስቲ ይሞክራት።»

ሁሴን አልተኮሰም። በመስታወት ሳየው እዚያው ቆሟል፤ እያነሰ ሄደ።

መንገዱን ሙሉ አንዲት ደግ ቃል አልወጣትም። መርፌዋ ሽቅብ ስትል «ቁም» ትለኛለች፤ እወርዳለሁ፤ አጠጣለሁ፤ «ንዳ» ትለኛለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። በሁለተኛው ፊቷን ሳታዞር «እዚያ ኋላ የተሸፈነው እሱ ነው?» አለች።

እንድሪስ እጁን ጋቢው ላይ ጫነ።

«ይገለጥ። ታፍኖ ቢሞት ደግሞ በእኔ ሊያደርጉት ነው።»

ኑሩ ጋቢውን ከራሱ ገፈፈ። ላቡ በፊቱ ይወርዳል። እሷ አላየችውም። እሱ ግን ዋርካው ጋ እስክንደርስ የጀርባዋን ጥቁር ልብስ ሲያይ ነበር።

ስንደርስ ሽማግሎቹ ተነሥተው ጋቢያቸውን እያራገፉ ነበር። የሟች አባት ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ጀምሯል። መኪናዬ ከዋርካው ጥላ ጫፍ ላይ ከባድ ትንፋሽ አውጥታ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ በራሷ ተነሥታ አታውቅም። የሟች አባት ዞር ሲል ከደመኞቹ መኪና ሚስቱ ስትወርድ አየ። እሷ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ በሽማግሎቹ መሐል አለፈችና «መጥተዋል። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ጨርሱት» አለች።

ኑሩ ለይቅርታ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተንበረከከ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ተሰደብን፤ ይገባን ነበር። የሟች አባት አፍ መራራ ነበር፤ የትልቁ ልጁ ደግሞ ይብስ። ኑሩ አንገት ላይ ያለው ድንጋይ ሦስት ጊዜ «አይነሣ» ተብሎ በአራተኛው ተነሣ። ተሳሳሙ ብላችሁ አትጠብቁ፤ እጅ ለእጅ ተነካክተው ፊታቸውን አዞሩ። ደሙ ግን ደረቀ። ኑሩ ዘንድሮ ማሽላውን ራሱ አጨደ።

መኪናዬን በሌላ መኪና አስጎትቼ ካሳ ጋ አደረስኳት። ኮፈኑን ከፈተ፤ ዘይቱን አየ፤ ቡና በወተት መስሏል። የሞተሩ ራስ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«በሬ ነው?» አልኩት።

«ከነቀንበሩ» አለኝ። ጡት የጠባበትን ዘመን ግን አላነሣብኝም፤ እኔም ሳላነሣበት ቀረሁ። ጎማዎቿን ለአንዱ፣ በሮቿን ለሌላው ሸጥኩ።

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ አንዳንድ ሰው ታሪኩን ሲሰማ «በሶው ነው ያስታረቀ» ይለኛል። እንዲህ ብላችሁ እንዳታሞካሹኝ። ሩቅያ ባትኖር ኖሮ የእኔ ብልጠት ኑሩን ቀብሮት ነበር። ከጅል ሥራ አላህ ደግ ነገር ቢያወጣ ምስጋናው የአላህና የሩቅያ ነው፤ ለጅሉ ምንም አይደርሰውም። ያቺ ቀን አንድ ነገር ቀይራብኛለች፤ ሰው ሊያየኝ የሚገባ ትልቅ ነገር እንደሆንኩ ማመን አቁሜአለሁ። አሁን በእግሬ ነው የምሄደው። ሰላምታ የሚሰጠኝም ያለ ጥሩምባ ይሰጠኛል፤ የማይሰጠኝም አለ። ሁሴን ቆቦ ገበያ ላይ ካየኝ መንገድ ይለውጣል። አልፈርድበትም፤ እኔም እሱን ሳይ እግሬ ይከብዳል። መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ መካኒካችሁ ሙክት ሲላችሁ ሙክቱን ስጡት።

ለሩቅያ አንድ ጀሪካን ውሃ አለብኝ። ዕርቁ ያለቀ ዕለት «ውሃዬን ትመልሳለህ» ብላ ሳትስቅ ነግራኛለች። ባጃጅ ተኮናትሬ መጀመሪያ ከጎብዬ ወሰድኩላት፤ ቀምሳ «ጨዋማ ነው» ብላ መለሰችኝ። ከቆቦ ወሰድኩላት፤ «ጀሪካኑ ናፍታ ይሸታል» አለች። ባለፈው ወር አዲስ ጀሪካን ገዝቼ እስከ አፉ ሞልቼ ሄድኩ፤ ቀና አድርጋ መዝና «ጎድሏል» አለችኝ። ወላሂ አልጎደለም። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እሄዳለሁ።